በወይን ስም የሚሸጥ ሻይ፤ ወይኑ የቱ ጋ ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ዱሮ አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ ወይን መቅመስና ለእንግዳ ማስረዳት የሥራዬ አካል ነበር። ጠርሙሱን ከፍቼ፣ ብርጭቆውን አዙሬ፣ አሽትቼ፣ በጉንጬ አንከባልዬ ምን ምን እንደሚል መናገር እወድ ነበር። ኋላ ሐኪም አልኮል ጨርሶ እንድተው አዘዘኝ፤ ተውኩ። ይኸው 9 ዓመት ሆነ። ሞቅታው አንድም ቀን ናፍቆኝ አያውቅም። የናፈቀኝ ቅምሻው ነው።

ይህን የምታውቅ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ወር ስድስት ትንንሽ ቆርቆሮ ሻይ ያለበት ሳጥን ሰጠችኝ። በየቆርቆሮው ላይ የወይን ዝርያ ስም ተጽፏል፤ ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ፒኖ ኗር፣ ሻርዶኔ፣ ሪስሊንግ፣ ሙስካት። ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹ ሳይነሱ ወጥ ቤት ገብቼ ሁሉንም በአንድ ልክ አዘጋጀሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ዓለም አቀፍ የሻይ ቅምሻ ደረጃ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ለ6 ደቂቃ ይላል። እኔም በእሱ ሄድኩ።

ሜርሎው እንደ ስሙ ቀይ ነው። አፍንጫዬን ሳስጠጋ የፕሪም ማርማላታ ሸተተኝ። ፉት ስለው መጀመሪያ ላይ ፕሪሙ አለ፤ መሃል ላይ ምንም የለም፤ መጨረሻ ላይ ሽቶ የነካው ነገር የዋጥኩ ያህል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሻርዶኔው ፖምና ቫኒላ፣ ሪስሊንጉ ኮክ ይላል። ደስ ይላሉ፤ ወይን ግን አላስታወሱኝም። ካበርኔውና ፒኖው እርስ በርስ ተመሳሰሉብኝ።

ሙስካት የሚለው ግን ሌላ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነሐስ ነው፤ ሲሸተት እንደሌሎቹ አይጮኽም። ፉት ብዬ ዋጥኩት። ከዋጥኩ በኋላ ነው ከጉሮሮዬ ተነስቶ ወደ አፍንጫዬ የበሰለ ወይን ፍሬ የወጣው። ሲኒውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እና የምጠይቀው፦ ሻይ የወይንን ጣዕም በእውነት ሊይዝ ይችላል ወይስ ስሙ ነው ምላሴን የሸነገለው? አምስቱ ያላደረጉትን ስድስተኛው እንዴት አደረገው?

(የውይይቱ ክር ከረዘመ በኋላ የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር ስላሉኝ፣ የተባለውን እንደ ቁጥሩ አመጣጥ በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስቀምጬዋለሁ።)

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያዋ መላሽ ቶሮንቶ የምትኖር እህት ናት። እንኳን ደህና መጣህ ብላ፣ እሷ ሜርሎ የሚባለውን ሻይ በበጋ በበረዶ እንደምትጠጣውና ብዙም ባልመራመር እንደሚሻለኝ በደግነት መከረችኝ። ሁለተኛው ጨዋ ቢሆንም ቁርጥ ያለ ነበር፤ ስሙ የገበያ ስም እንደሆነ፣ ሻይ ምንጊዜም ሻይ እንደሆነ፣ ሰው የሚከፍለው ለቆርቆሮው ጽሑፍ እንደሆነ ጽፎ ወጣ።

መልስ 3

ድሬዳዋ ውስጥ ቡና ቀማሽ ሆኖ የሠራ ወንድም ገባ። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንዱ መጠጥ በሌላው ስም መገለጹ በቡና ዘንድ የቆየ ነገር መሆኑን አስረዳ። የሐረር ቡና ከነሽፋኑ ደርቆ ጀንፈል ስለሚሆን፣ ፍሬው በላዩ ላይ ሲደርቅ የሚያልፍበት መጠነኛ መብላላት ጣዕሙን ወደ ወይን እንደሚወስደው፣ ቀማሾችም ቅጹ ላይ ወይናማ ብለው እንደሚሞሉት ነገረን። የታጠበ ይርጋጨፌ ደግሞ በተቃራኒው ሻይ ሻይ፣ ቤርጋሞት ቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ የሆነ ሽታው ደስ የሚል ፍሬ ነው) ይላል። ማንም ግን ሐረር ላይ ወይን ጨምሮበት አያውቅም።

ቀጥሎ የአቀማመስ ስህተቴን አረመኝ። ሻይ እንደ እንግዳ በጨዋነት ፉት ተብሎ አይቀመስም፤ በማንኪያ ተወስዶ ድምፅ እስኪያወጣ ከአየር ጋር ነው የሚማገው። ሽታው ከአፍ ጀርባ በኩል ወደ አፍንጫ የሚደርሰው በዚያ ነው። ሙስካቱ ላይ ከዋጥኩ በኋላ የመጣብኝ ነገር ይኸው መንገድ እንደሆነ፣ በሌሎቹም ላይ ደግሜ እንድሞክረው አሳሰበኝ።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው የጻፈው አንድ መስመር ነበር፤ ቆርቆሮውን ገልብጬ ምን ምን እንደገባበት እንዳነብ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ ይህን ሳላደርግ መጠየቄ ተገቢ አልነበረም። አምስተኛው መልስ የእኔው ነው። ሜርሎው ላይ ጥቁር ሻይ፣ የፖም ቁራጭ፣ ከርከዴ፣ የደረቀ ፕሪም እና ማጣፈጫ ይላል። ያ ቀይ ቀለም የከርከዴው ነበር ማለት ነው። ካበርኔውና ፒኖውም ከርከዴና ማጣፈጫ አለባቸው። ሻርዶኔው በአረንጓዴ ሻይ ላይ ፖምና ማጣፈጫ ነው። ሙስካቱ ላይ የተጻፈው ግን ይህ ብቻ ነው፦ ጥቁር ሻይ፣ ዳርጂሊንግ፣ ሁለተኛ ለቀማ። ምንም አልተጨመረበትም።

መልስ 6 እና 7

ከዚህ በኋላ ክሩ ነፍስ ዘራ። ስድስተኛው ጸሐፊ ረጅም ማብራሪያ ይዞ መጣ። ዳርጂሊንግ በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ከሂማላያ ግርጌ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ሻይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በሕንድ የመልክዓ ምድር መለያ የተመዘገበ የመጀመሪያው ምርት ሆኗል። የመጀመሪያው ለቀማ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ሁለተኛው በግንቦትና በሰኔ ገደማ ነው። በሁለተኛው ወቅት 3 ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን አረንጓዴ ዘላይ ነፍሳት ለጋውን ቅጠል እየወጋች ጭማቂውን ትመጥጣለች። ተክሉ ሲነከስ ራሱን ለመከላከል ሽታ ያላቸው ንጥረ ነገሮች ያመርታል፤ ለቀማው ተጠውልጎ ሲጠቀለል እነዚያ ናቸው የሚወጡት። ከሽታዎቹ መካከል ሊናሎልና ጄራኒዮል የሚባሉት የሙስካትን ወይን ሙስካት የሚያሰኙት ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ምላሴ አልተሸነገለም። ሲኒዬ ውስጥ የነበረውና ወይኑ ፍሬ ውስጥ ያለው ሽታ አንድ ነው። ታይዋን ውስጥም በሺንቹና በሚያዎሊ አካባቢ የምሥራቅ ውበት የሚባል ኡሎንግ (በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መካከል ያለ የሻይ ዓይነት) በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ፣ ነፍሳቷ እንድትመጣ ሲባል ገበሬው የተባይ መድኃኒት እንደማይረጭ ጨመረበት። ይህን ሳነብ ለሚስቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። ሌላው ገበሬ የሚያባርራትን ነፍሳት ይህኛው ይጠብቃታል።

ሰባተኛው እርማት ይዞ መጣ፤ ድምፁም ከስድስተኛው ጠንከር ያለ ነበር። ዳርጂሊንግ ሁሉ ሙስካት እንደማይል፣ የመጀመሪያው ለቀማ አበባ አበባና አረንጓዴ አረንጓዴ እንደሚል፣ ሰው ይህን ክር አንብቦ ያገኘውን ገዝቶ እንዳያዝን አስጠነቀቀ። ስድስተኛው እርማቱን ተቀብሎ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ነገር በመድረኮች ላይ ብዙ አይታይምና ደስ ብሎኛል።

ከመልስ 8 እስከ 11

እዚህ ላይ ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። ጅዳ የምትሠራ ሙስሊም እህት በትሕትና ሁለት ጥያቄ አቀረበች፦ ማጣፈጫው ውስጥ አልኮል ሊኖር ይችላል ወይ? ባይኖርስ፣ የወይን ጠጅ ስም የተጻፈበትን ነገር ቤቷ ብታስገባ ልጆቿ ምን ይማራሉ?

ዘጠነኛው መላሽ ስሙ ካስፈራሽ አትጠጪ የሚል መንፈስ ያለው አጭር ነገር ጻፈ። አሥረኛው ወዲያው ገሠጸው፤ ሰው በሃይማኖቱ ጠይቆ ሲመጣ እንዲህ እንደማይመለስለት፣ እኔም ብሆን በሐኪም ትእዛዝ የተውኩትን ነገር ስጠይቅ ማንም እንዳልሳቀብኝ አስታወሰው። እኔም ከአሥረኛው ጋር ነኝ። የእህታችን ጥያቄ በዚህ ክር ከተነሱት ሁሉ ከባዱ ነበር።

መልስ የሰጣት በምግብ ማቀነባበሪያ ውስጥ የሚሠራ አሥራ አንደኛው ነው። ማጣፈጫ ሽታዎች ብቻቸውን እንደማይረጩ፣ በሚሟሙበት ፈሳሽ ተይዘው ቅጠሉ ላይ እንደሚረጩ፣ ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ኢታኖል፣ ማለትም መጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል ራሱ፣ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ኢታኖሉ አብዛኛው ቢተንም ማጣፈጫ የሚለው ቃል ብቻውን የቱ እንደሆነ ስለማይናገር አምራቹን በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። ሐላል ነው አይደለም የሚለውን ግን ለሊቃውንቱ ተወው። ምንም ያልተረጨበት ዳርጂሊንግ ይህ ጥያቄ እንደማይነሳበት ሲጨምር የእህታችን ግማሽ ጥያቄ ተመለሰ። የስሙ ጉዳይ ግን ቀረ።

መልስ 12

የስሙን ጉዳይ ያነሱት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። እሳቸው ባደጉበት ወሎ ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑ ጠጅ፣ ለሙስሊሙ ጎረቤትና ለልጆች ብርዝ ይዘጋጅ እንደነበር ጻፉ። ማሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ቤቱ አንድ ነው፤ ብርዙ ግን ጌሾ አልገባበትም፣ አልፈላም። እናታቸው የብርዙን ጋን ለብቻ አጥነው፣ መቅጃውንም ለብቻ አድርገው፣ የሙስሊም ጎረቤታቸው ራሷ መጥታ እንድትቀዳው ያደርጉ ነበር። አባታችን ያተኮሩበት ነገር ይህ ነው፦ ብርዝን አልኮል የሌለው ጠጅ ያለው ሰው አልነበረም። ብርዝ የራሱ ስም፣ የራሱ ክብር ነበረው። ሻዩም የሰው ስም ከሚዋስ የራሱን ቢይዝ መልካም ነው አሉ።

ይህን አንብቤ ብዙ አሰብኩ። የእኔ አሳብ ከእሳቸው በከፊል ይለያል፤ ምክንያቱም የተዋስነው ስም ባይኖር እኔ ስድስተኛውን ቆርቆሮ እንዲህ ተጠንቅቄ አልቀምሰውም ነበር። ለሜርሎው ግን እውነታቸውን ነው። ፕሪምና ከርከዴ ያለበት ሻይ ፕሪምና ከርከዴ ተብሎ ቢሸጥ ምን ይጎድልበታል?

ከመልስ 13 እስከ 16

ከዚያማ ሁሉም ወደ ብርዝ ዞረ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ነው፣ አይደለም በአምስት ነው የሚል ክርክር ተነሳ። አንዷ የእናቷን ብርዝ ስትገልጽ አንዱ ያ ጠጅ ሊሆን አንድ ሌሊት የቀረው ነው ብሎ ተከራከራት። ቃላቱ ሲከሩ የመድረኩ አወያይ ገብቶ ለብርዝ ሌላ ክር እንዲከፈት፣ እዚህ ወደ ሻዩ እንድንመለስ ጠየቀ። (ክሩ ተከፍቷል፤ ከዚህኛው ይበልጥ ረዝሟል።)

መልስ 17

አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ወይን ያስተናግድ የነበረ ወንድም የሜርሎው መሃል ለምን ባዶ እንደሆነብኝ አብራራ። ወይን ላይ አፍ የሚሞላው ሽታው ብቻ አይደለም፤ አሲዱ፣ አልኮሉ የሚሰጠው ውፍረትና ሙቀት፣ ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚመጣው አኮማታሪ ነገርም አለበት። ሻይ ያልበሰለ ሙዝ እንደነከሰ ሰው ምላስን ማኮማተሩን ይችልበታል፤ አሲዱ ግን ያንሰዋል። የወይን ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ የሚበዛበት መለኪያ) ከ3 እስከ 4 ሲሆን የጥቁር ሻይ ወደ 5 ይጠጋል። ለዚህ ነው አምራቾች ከርከዴ የሚጨምሩት፤ ለቀለሙም ለኮምጣጣነቱም። ውፍረቱን ግን ከርከዴ አይሰጥም።

ሽታ መዋዋሱ ግን ውሸት እንዳልሆነ አስረግጦ ተናገረ። ጌቩርትስትራሚነር የሚባለው ወይን ላይቺ የተባለውን የእስያ ፍሬ የሚሸተው ከላይቺ ፍሬ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ ቻይኖች ደግሞ በላይቺ የታሸ ጥቁር ሻይ አላቸው። የሲራ ወይን ቁንዶ በርበሬ የሚለውም ሮተንዶን ከሚባል፣ ቁንዶ በርበሬው ራሱ ውስጥ ካለ ነገር የተነሳ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በዚህ ላይ ቁንዶ በርበሬ ጣል የተደረገበት ሻይ ከሜርሎው ይልቅ ለወይን ይቀርባል ማለት ነው፤ ቅመም ሻይ ለምንጠጣ ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም።

ሁለት ምክርም ሰጠኝ። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ስለሚቀርብ ሻዩን ትኩስ ሳይሆን አቀዝቅዤ፣ በሲኒ ሳይሆን አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ እንድቀምሰው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ውስጥ አን ኖብል ያዘጋጁትን የወይን ሽታ ክብ ሠሌዳ ፈልጌ በእሱ እንድመራ። እሱ ራሱ ዝዋይ፣ የዛሬው ባቱ፣ ላይ ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ የወጣውን ሜርሎ ለእንግዶች ሲያስረዳ በዚያ ሠሌዳ ቃላት ይጠቀም ነበር።

መልስ 18

በዚህ ጊዜ የክሩ በጣም ስለታም መልስ መጣ። ጸሐፊዋ ሠሌዳው ላይ ያሉት ብላክ ከረንትና ብላክቤሪ የሚባሉ የፈረንጅ ፍሬዎች ለማን እንደሚጠቅሙ ጠየቀች። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብላክ ከረንት መቼ ቀምሶ ያውቃል? አሥራ ሰባተኛው ለእንግዳ የሚናገረውን ቃል በቃሉ አጥንቶ እንጂ ቀምሶት እንዳልሆነ እስከመናገር ደረሰች፤ ይህ በዛ፤ ለጠየቀው ሰው በቅንነት የመለሰ ወንድም ነው። ያቀረበችው ነገር ግን ወርቅ ነው። ሁላችን የምናውቃቸውን ዘርዝራ አስቀመጠች፦ አጋም፣ ኮሽም፣ ቀጋ፣ እንጆሪ፣ ኮክ፣ ዘቢብ፣ ትርንጎ፣ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ አዲስ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ዝናብ የመታው አፈር። በእነዚህ ቅመሱና ጻፉ ብላ ጨረሰች።

አሥራ ሰባተኛው ተቆጥቶ ይመለሳል ብዬ ነበር። ባላጠና ኖሮ ሥራ እንደማያገኝ ብቻ ጽፎ፣ ዝርዝሩን ግን እንደገለበጠው ተናገረ።

መልስ 19

ይህም የእኔ ነው። እሑድ ከሰዓት ሚስቴንና ወንድሟን ጠርቼ አራቱን ሻዮች አቀዘቀዝኩ። በየብርጭቆው ግርጌ ቁጥር ለጥፌ ቦታቸውን ሚስቴ እንድታቀያይረው አደረግኩ፤ እኔም የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ማንኪያ ይዘን፣ ድሬዳዋው ወንድም እንዳዘዘን ድምፅ እያሰማን ማግን። ልጆቹ በጣም ሳቁብን።

ካበርኔውን በቀዝቃዛው ስቀምሰው ፊተኛው ሽቶ ቀንሶ አጋም ሆነ፤ በትክክል ያ ጥቁር የአጋም ፍሬ፣ ወተቱ ከንፈር ላይ የሚጣበቀው። ሚስቴ ሪስሊንጉን ገና ስታሸተው ኮሽም አለችው፤ ትንሽ ስትቆይ ደግሞ የኮሽሙ ኮምጣጣነት እንደሌለው፣ ሽታው ብቻ እንደሆነ አስተዋለች። ሜርሎው ለሦስታችንም ማርማላታ ሆኖ ቀረ።

ሙስካቱ ጋ ሲደርስ የሚስቴ ወንድም ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዞ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ያሸተተው ቤተልሔም ውስጥ ለቅዳሴ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ዘቢብ እንደሆነ፣ ከ20 ዓመት በላይ ይህን ሽታ እንዳላገኘው ነገረን። ከዚያ ብርጭቆውን ለማንም ሳይሰጥ ጨረሰው። ስለ ዳርጂሊንግም ስለ ሙስካትም ምንም አላወራሁለትም ነበር።

ከመልስ 20 እስከ 22

ሃያኛው ሦስት ሰው ቀመሰ ማለት ማስረጃ እንዳልሆነ፣ እኔም የምፈልገውን መልስ ፊቴ ሊያሳብቅ እንደሚችል በደረቁ አስታወሰኝ። ልክ ነው፤ ማስረጃ ነው አላልኩም። ሃያ አንደኛዋ ከቻይናዋ አንሁይ የሚመጣውን ኪመን የተባለ ጥቁር ሻይ እንድሞክር፣ ያለ ማጣፈጫ ወይናማ የሚባለው እሱም እንደሆነ ጠቆመችኝ።

ሃያ ሁለተኛው ቦንጋ አካባቢ ያለ፣ የውሽውሽን የሻይ እርሻ የሚያውቅ ሰው ነው። የእኛ ሻይ ለምን እንዲህ አይልም ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ሱቅ የምናገኘው አብዛኛው ተቆራርጦ የደቀቀ ሻይ ነው፤ ቶሎ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ ስኳርና ቅርንፉድ ይሸከማል፤ ረቂቁን ሽታ ግን አይዝም። ቅጠሉ ሳይደቅ ቢጠቀለል ከካፋ መሬት ምን እንደሚወጣ ማየት ይመኛል። እኔም እመኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ቅጠል የምታገኙ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

መልስ 23 እና 24

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጅዳዋ እህት ተመለሰች። የወይን ስም የሌለበት፣ ሁለተኛ ለቀማ ዳርጂሊንግ ብቻ የሚል ቆርቆሮ አግኝታ ገዝታለች። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ደቂቃ አቆይታው እንደመረራት፣ በሁለተኛው ቀን ሲበርድ የዘቢቡ ነገር ትንሽ እንደመጣላት ጻፈች። ከሳምንት በኋላ ግን ሻዩ ኮረሪማ ኮረሪማ ማለት ጀመረ፤ ተበላሸ ወይስ እሷ ናት ያጠፋችው?

የመለስኩላት ይህን ነው። ስድስት ደቂቃ ለቅምሻ ነው፣ ጉድለቱ እንዲወጣ፤ ለመጠጣት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ኮረሪማው ደግሞ ከመደርደሪያው ነው። ሻይ አጠገቡ ያለውን ሽታ ይስባል፤ ቻይኖች ጃስሚን ሻይ የሚሠሩትም ቅጠሉን ከአበባው ጋር አሳድረው ነው። የእኔም ሳጥን ከበርበሬውና ከኮረሪማው ጎን ነበር የተቀመጠው፤ አሁን መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ክዳኑ ግጥም ብሎ ተቀምጧል። የተረፈውን ቅጠል በሌላ ቆርቆሮ ገልብጣ ከቅመሙ እንድታርቀው፣ ኮረሪማ የነካውን ግን እንዳትጥለው፣ በእሱ ቅመም ሻይ እንድታፈላበት ነገርኳት።